ወተቱ ከኋላ ነው

አስተማሪ ሳልሆን፣ ጠመኔ ሳልነካ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው እግር ስለካ፣
ሴቱባል ከተማ፣ ከወደቡ በላይ፣
ሱፐርማርኬት ውስጥ ነበረኝ አንድ ጉዳይ፦
ወተቱን ማራቅ ነው፣ ከበሩ አሽሽቼ፣
ከመጨረሻው ጥግ ግድግዳ አስጠግቼ።
ለምን ቢሉ፣ ወተት ሊገዛ የመጣ
ወተት ብቻ ይዞ ከቶ እንዳይወጣ።
በመንገዱ ብስኩት፣ በመንገዱ ሳሙና፤
ሰው ያየውን ነገር ይመኛልና።
እግር ከበር ሲገባ ወደ ቀኝ ያደላል፤
ይህን ያላወቀ በቀኙ ይታለላል።
ዳቦው በር አጠገብ፣ ሽታው እንዲጣራ፤
ሰዓት አይሰቀልም፣ መስኮትም አይሠራ፤
ቸኮሌቱ ደግሞ ከሒሳብ መክፈያው፣
ከልጅ ዓይን ትክክል ነው የሚበጅ መቆሚያው።
ተንበርክኬ ለካሁት፦ ዘጠና አምስት ሴንቲሜትር።

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ሥራ ትቼ ኮሌጅ ተማርሁ፤
ሦስተኛ ክፍል ሰጡኝና አንድ ሰኞ በሩን ከፈትሁ።
እግዚኦ! ማነው ይህን ሱቅ የደረደረ?
የማባዣው ሠንጠረዥ ከጣሪያ ሥር የሰፈረ፣
ደንበኛው ቀጭኔ ካልሆነ ማን አንብቦ ይጠቀማል?
ካርታው ከበር ጀርባ ነው፤ በር ሲከፈት ግማሹ ዓለም ይጨልማል።
መጻሕፍቱ በቁልፍ፣ ቁልፉ በዳይሬክተሩ ኪስ፣
ዳይሬክተሩ ደግሞ ሊዝበን፣ እስከ ዓርብ ድረስ።
ልጆቹም በረድፍ፣ ሰርዲን በቆርቆሮ፣
የፊቱን ማጅራት እያዩ፣ አፍ ሁሉ ተቀብሮ።
ዕቃው ግሩም ነበረ፤
መደርደሪያው ነው የከሰረ።

መቅረጫውን አነሣሁት። «በል እንግዲህ፣ ወተት ሁን» አልሁ፤
ከመጨረሻው ግድግዳ፣ ከማዕዘኑ ቸነከርሁ።
እርሳሱ የተሰበረበት በየብሱ በባሕሩ ያልፋል፣
ከዓሣ ነባሪው አጽም ሥር በክፍልፋዮች ይታጠፋል።
እጁ ሥራ ፈትቷልና አንድ ነገር ይነካል፤
የነካውን ያነሣል፤ ያነሣውን ይለካል።
ከባዱን መጽሐፍ ሁሉ ከልጅ ዓይን ትክክል አወረድሁ፤
ቁልፉንስ? ዳይሬክተሩ ሳይመለስ ጠፋ አልሁ።
በሩ ጋ፣ ከዚያው ከቁመቱ፣ ከቸኮሌቱ ቦታ፣
ብጣሽ ወረቀት ደረደርሁ፣ ሲወጡ የሚነሣ ማታ፦
ዓሣን ውሃ ይጠማዋል?
ዜሮ ሳይኖር በፊት ሰው ባዶ ኪሱን ምን ብሎ ይቆጥረዋል?
ከሱቅ የወጣ ሰው መልሱን ይቆጥራል፤
ከኔ ክፍል የወጣ መልስ ጎድሎት ያድራል።

አንድ ሕግ ብቻ ተውሁ። መጋረጃ አወረድሁ፣ ሰዓት ሰቀልሁ።
ጀልባ ወደቡን ሲያቋርጥ ሒሳቡ ይቆማል፤ ይቁም አልሁ።
ለዶና ኤርሜሊንዳ፣
ለእንቁላል ገብታ ጃንጥላ ይዛ ለወጣችው በዕዳ፣
ካሳ ቢሆን ብዬ ነው። አይሆንም፤ ዐውቃለሁ።

ሁለት ጥርስ የወለቀባት፣ ነገር የማያመልጣት ቤኔዲታ
«መቅረጫው ለምን ራቀ?» አለች፣ ትክ ብላ ቆይታ።
ውሸት ነበረኝ፣ የታሸገ፤ አፌ ላይ ደርሶ መለስሁት።
ክፍሉን ሙሉ ሐሙስ ዕለት የድሮ ሱቄ ወሰድሁት።
«ተንበርከኩ» አልሁ፤ «አሁን ማነው የሚጣራው?» «ቸኮሌቱ!»
«ርካሹስ ሩዝ?» ወለል ላይ ተኝተው አገኙት፣ ከታችኛው ቤቱ።
ዘበኛው ያን ሁሉ ጊዜ ከአደሪቶ ጀርባ ነበረ፤
ልጁ እጁን ኪሱ ከትቶ የጣሪያ መብራት ቆጠረ።

ሰኞ የቤኔዲታ እናት ከበር ጠበቀችኝ፦
«ይኸው ገበያ ይዣት ወጥቼ በየመደርደሪያው ቆማ
‹ጎንበስ በይ እማዬ፣ ርካሹ ታች ነው!› ሰው ሁሉ እየሰማ…»
ዝም አለች። ከዚያ በቀስታ፣ «ሦስት ዩሮ ከሰባ ተረፈኝ»።
ሳትሰናበት ሄደች፤ መሳቅ ይሁን ማፈር፣ የቱ እንደሚሻል ግራ ገባኝ።

ግንቦት ላይ አንድ ጧት ገባሁ። ጠረጴዛዬ ከቦታው የለም፤
ከኋላ፣ ከመቅረጫው ጎን። «ማነው?» ማንም አልተናገረም።
«ወተቱ እርስዎ ነዎት» አለ አደሪቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለው፤
«ልንጠይቅዎ ስንመጣ ሁሉንም አልፈን ነው።
አንዳንዴ ሳንደርስ መልሱን መንገድ ላይ እናገኘዋለን።»

ሄጄ ተቀመጥሁ።
እስከ ረፋድ ድረስ ማንም አልመጣም።
እርሳሴን ቀረጽሁ።